እሳት ያልገባባቸው ሲኒዎች

«ሰራዊት ወንድሜ ነበር! ከእናቴ ልጅ ለይቼ አላየውም ነበር!» አለና ሀብቱ ደረቱን ደቃ።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ብዙወርቅ ከሳሎኑ በር አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ በመጋረጃው ክፍተት ታየዋለች። ደረቱን የሚደቃው በቀኝ እጁ ነው፤ በግራው ስልኩን ይዟል። ደቅቶ ሲጨርስ ስልኩን ገልበጥ አድርጎ ሰዓት አየ።

ወንድሙ! አለች በልቧ። ቃየልም ወንድም ነበር።

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ይባላል። የባሏ የሰራዊት አንገት ግን ከጠዋቱ ቀብር ወዲህ ከግቢው ማንጎ በላይ ወጥቷል። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ «ሲኒው መምህር» እያሉ ከኋላው ሲስቁበት የነበሩት ባልደረቦቹ ዛሬ ሊቅ ነበር፣ ጠቢብ ነበር፣ አሶሳ እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ አታገኝም ይላሉ። አንድ ስሙን እንኳ የማታውቀው የስፖርት አስተማሪማ ንፍሮውን እየቆረጠመ «የሞተው ሀገር ነው» አለ። ሀገር! ሀገር የታሪክ አስተማሪ ነበር። ክፍለ ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ ደም ግፊቱ ኮሪደር ላይ ጣለው፤ ሆስፒታል ሲያደርሱት አልቆ ነበር። ሌላ የሚጨመርበት ነገር የለም።

ከማንቡክ የመጣችው የሰራዊት እህት ሸዋሉል አዲስ ለቀስተኛ ከባጃጅ በወረደ ቁጥር «ወንድም ጋሻዬ!» ብላ ትጮኻለች። ለቀስተኛው ቦታ ይዞ ሲቀመጥ ጩኸቷን ቆርጣ የስልክ ቻርጀር ያለው ሰው ትጠይቃለች። በሕይወት እያለ ስንት ዓመት ሙሉ ደጁን ረግጣ አታውቅም።

ብዙወርቅ አላለቀሰችም። ቀብሩ ላይም እንባ አልወጣትም። ከጎኗ የተደረደሩት ሴቶች ይህን ሲንሾካሾኩበት ሰምታለች። «ድሮም ደረቅ ናት» አለች አንዷ። «ባሏን ትንቀው አልነበረም እንዴ?» አለች ሌላይቱ። ውሸት አይደለም። ትንቀው ነበር። የሚያስከፋት፣ ሴቶቹ እሱን ብቻ የምትንቅ ማስመሰላቸው ነው። ብዙወርቅ በንቀት ለማንም አታዳላም፤ እነሱንም አንድ በአንድ ትንቃቸዋለች።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሀብቱን። ሀብቱ ዋናው መንገድ ላይ ያለው ትልቁ የቤት ዕቃ መደብር ባለቤት ነው። የእድራቸው ዳኛም እሱ ነው፤ ስለዚህ ድንኳኑም አግዳሚ ወንበሩም በእሱ ትእዛዝ ነው የመጣው። የሰራዊት ጠላትም እሱ ነበር። ሰው ጠላቱ በላከለት ድንኳን ሥር ሲለቀስለት ብዙወርቅ የዚያን ቀን ገና አየች።

ከሰዓት በኋላ ሞቱማ ገባ። የባምባሲ ልጅ ነው፤ ከሰራዊት ክፍል አጠገብ ጂኦግራፊ ያስተምራል። ከባልደረቦቹ መካከል ሰራዊትን ሲያሾፍበት ያልሰማችው እሱን ብቻ ነው። ከፍራሹ ጫፍ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ብዙወርቅ፣ ጓዳ ያሉትን ሲኒዎች ምን ልታደርጊያቸው ነው?»

«የትኞቹን? ይህ ቤት ከሲኒ በቀር ምን አለው?»

«የመጨረሻዎቹን። ሥዕላቸው አልቋል፤ እሳት አልገባም። ቅዳሜ ሊተኩሳቸው ነበር፤ ከሰሉን እኔና እሱ ነን የገዛነው። ሳይተኮስ እኮ ቀለሙ እንደ ዱቄት ነው። ውኃ ከነካው ይሄዳል። እርጥብ ጣት ይበቃዋል።»

«እና ተኩሳቸዋ!»

«እኔ? አንድ ጊዜ ሞክሬ ግማሹን አፈንድቻለሁ። እሳቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው እሱ ነው።» ሞቱማ መሬት መሬቱን አየ። «ሁለተኛዋ ነዕማ ናት።»

ብዙወርቅ ስሙን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ያቺ ልጅ ይህን ቤት አትረግጥም» አለች።

«እንግዲያው ይቀራሉ።»

«ይቅሩ!»

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ነው። አንድ ፈረንጅ የዩኒቨርሲቲ መምህር ለቆ ወደ ሀገሩ ሲሄድ ሥዕል የሞላበት ከባድ መጽሐፍ ለሰራዊት ትቶለት ሄደ። ከዳር እስከ ዳር ሲኒና ሳህን ነው። ብዙወርቅ የሱቅ ማስታወቂያ መስሏት ነበር። ሰራዊት ግን እራት ላይ እሱን ሲተርክ ሽሮው ይቀዘቅዝበት ጀመር።

«ሳክሶኒ የሚባል የጀርመን ሀገር ላይ አንድ ንጉሥ ነበር» ይላል። «የቻይና ሸክላ ያሳበደው። ያን ነጩን፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን፣ ፖርሴሊን የሚሉትን። አውሮፓ ውስጥ አሠራሩን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። ለጎረቤቱ ንጉሥ ስድስት መቶ ወታደር ሰጥቶ በምትኩ ማሰሮ ወሰደ፣ ይገርምሻል!»

«አንተንም አብሮ ይሰጥህ ነበር። ለአንተ ግን ማሰሮ አያገኝም፤ ክዳኑን ከሰጡት ጥሩ ነው።»

ሰራዊት ይስቃል። ስትሰድበው መሳቁ ነበር ከሁሉ የሚያበሽቃት። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል፣ ይሳደባል፣ ቤቱ ቤት ይመስላል። እሱ ግን ስቆ ይቀጥላል።

«ደግሞ አንድ ወጣት ነበር፤ ተራውን ብረት ወርቅ አደርጋለሁ ብሎ ያስወራ። ንጉሡ ያዘና ቆለፈበት። ወርቁን አምጣ! ወርቅ ከየት ይምጣ? በስንት ዓመቱ፣ ከሌላ ሊቅ ጋር ሆኖ ሲለፋ፣ ከእሳቱ የወጣው ፖርሴሊን ሆነ።»

«ወርቁስ?»

«ወርቁማ አልተገኘም።»

«እንግዲያው ወጣቱ ቀጣፊ፣ ንጉሡም ቂል ነበሩ። መንጌ ወርዶ ወንዝ ዳር አፈር ቢያጥብ አንድ ሁለት ፍሬ ወርቅ አያጣም ነበር።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!» አለ ሰራዊት፣ እሷ ምን እንዳለች ሳይገባው፣ ወይም ገብቶት። «ወርቁን ስንፈልግ ሸክላውን ረግጠን እናልፋለን።»

በዚያው ዓመት ጓሮ ውስጥ በጡብ ምድጃ ሠራ። ከገበያ ሥዕል የሌለው ነጭ ሲኒ ይገዛል፤ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ሰማያዊ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይስልበታል፤ ከዚያ በትልቅ ገንቦ ውስጥ ከቶ በገንቦው ዙሪያ ከሰል ያነድዳል። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ሁሉ ወይ የተሰነጠቀ ወይ ጥላሸት የመሰለ ነበር። ብዙወርቅ ስብርባሪውን ስትጠርግ «ንጉሥ ሆይ፣ ወታደሮችዎ አለቁ» ትለው ነበር።

ነዕማ ስትመጣ ነው የተስተካከለው። የበርታ ልጅ ናት፤ እናቷና አክስቶቿ ገንቦ ሠሪዎች ናቸው። ሰራዊት አስተምሯት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት የቀረች ነበረች። እሱ ብሩሽ አያያዝ አሳያት፤ እሷ ደግሞ ከእናቷ ያየችውን የእሳት አጠባበቅ ይዛለት መጣች። ሲኒዎቹ ላይ የቀርከሃ ቅጠል ወጣ፣ ማንጎ ወጣ፣ ባጃጅ ሳይቀር ወጣ። ሰራዊት ከሲኒዎቹ ቂጥ ሥር ሁለት የተሻገሩ የቀርከሃ ቅጠሎች ይስል ነበር። የሳክሶኒዎቹ ሁለት የተሻገሩ ሰይፎች ይስሉ ስለነበር ነው፤ ሌላ ሰው አስመስሎ እንዳይሠራባቸው።

«የአንተን ማን አስመስሎ ይሠራል?» ብላ ብዙወርቅ እስክታነባ ሳቀች።

ሀብቱ አስመስሎ ሠራ። መጀመሪያ ሲኒዎቹን መደብሩ ውስጥ ይሸጥለት ነበር። ከዚያ ለሠርግ ስጦታ እንዲሆኑ ርግብና ልብ ይሣልባቸው፣ ጠርዛቸው ወርቅ ይቀባ አለ። ሰራዊት እምቢ አለ። ሀብቱም ነዕማን በተሻለ ደመወዝ ወሰዳት፤ ከመደብሩ ጀርባ የራሱን ምድጃ ሠራ፤ ርግብና ልቡን አስጀመራት። የተሻገሩትን ቅጠሎች ሳይቀር ከሥሩ አስደረገ። ነዕማ ለስንብት ስትመጣ ሰራዊት በር ድረስ ሸኛት። ብዙወርቅ ግን ከኩሽና አልወጣችም።

ሌላ ሰው ይከሳል፣ ይደባደባል፣ ቢያንስ ይራገማል። ሰራዊት እራት ላይ ዓይኑ እያበራ «ቪየና!» አለ።

«ምን ቪየና?»

«የሳክሶኒው ፋብሪካ ማይሰን ነው። ቪየና ላይ ደግሞ ተቀናቃኝ ፋብሪካ ተነሣባቸው። ምን አደረገ መሰለሽ የቪየናው ሰውዬ? ጭቃውን የሚያቦካውን፣ ምስጢሩን የሚያውቀውን የማይሰን ሠራተኛ አባብሎ አስኮበለለው። ይኸው ነው እኮ! ሀብቱ ቪየና ነው፣ እኔ ማይሰን ነኝ!»

ብዙወርቅ እንጀራውን አስቀመጠች። ሁለት የአሶሳ ሲኒ ሻጮች! አንዱ የርግብ ሥዕል የሚሸጥ ነጋዴ፣ አንዱ ግማሽ ደመወዙን ለከሰል የሚገብር አስተማሪ፤ እነዚህ ናቸው ነገሥታቱ። ሰው ተዘርፎ እንዲህ ደስ ሲለው አይታ አታውቅም።

«ከዚያስ?» አለችው፣ ለማፌዝ።

«ከዚያማ የኮበለለው ሠራተኛ ቪየና አልተመቸውም። ተጸጸተ። ሲወጣ የቪየናን ጭቃ አበላሽቶ፣ ቅርጽ ማውጫውን ሰባብሮ፣ አንድ ጎበዝ ሠዓሊም ይዞ ወደ ማይሰን ተመለሰ። ማሩት። ያ አብሮት የመጣው ሠዓሊ ነው በኋላ የማይሰንን ሥዕል ዓለም ያሳወቀው።» ውኃ ጠጣ። «ነዕማም ትመለሳለች።»

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር! ብትመለስስ ልትቀበላት ነው?»

«በሩ ክፍት ነው።»

«በሩ የእኔም ነው» አለች ብዙወርቅ። የነዕማን በርጩማ ከጓዳ አውጥታ ሽንኩርት መክተፊያ አደረገችው። በማግስቱ ሰራዊት ከገበያ ሌላ በርጩማ ገዝቶ እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙወርቅ የጓዳውን በር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች፤ ሥራውን ላለማየት።

በሁለተኛው ቀን ጤናዬ የንፍሮ ትሪ ይዛ መጣችና ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለች። ጤናዬ ጎረቤቷ ናት፤ በልጅነቷ ከወሎ በሰፈራ የመጣች፣ የእድሩን የሴቶች ሥራ የምትመራ፣ የታዘዘችውን ሁሉ የምትፈጽም፣ ያልታዘዘችውንም የምትጨምር።

«ብዙዬ፣ እንዲያው በሞቴ፣ ያቺ ነዕማ ከትናንት ጀምራ ደጅ ናት። ከማንጎው ሥር ከበርታ ሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ግቢ ብንላት፣ እትዬ ካልጠራችኝ አልገባም አለች።»

«ትቀመጥ። ማንጎው ጥላ አለው።»

«የሰው ዓይን አለ እኮ፣ እህቴ!»

«የሰው ዓይን ከፈለገች የሀብቱ ሱቅ በር ላይ ትቁም።»

ብዙም ሳይቆይ ሀብቱ ራሱ ገባ፤ አቶ አበጀን አስቀድሞ። አቶ አበጀ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት የማይስማሙ ሰዎች ባዩ ቁጥር በመካከላቸው ካልተቀመጡ ምግብ አይረጋላቸውም።

«ልጄ» አሉ፣ «ለቅሶ ላይ ቂም አይያዝም። ነገ ሠልስት ነው። ሰው ሁሉ ባለበት እጅ ለእጅ ተያያዙና ሟቹም በሰላም ይረፍ።»

«ሟቹማ ያለ እኛም አርፏል» አለች ብዙወርቅ።

ሀብቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኅቴ፣ እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሞቱማ ነግሮኛል፤ ያልተተኮሱ ሲኒዎች አሉ። ስጪኝና በእኔ ምድጃ ላይ ይተኮሱ። ነዕማ የእኔ ሠራተኛ ናት፤ አዝዛታለሁ። ከዚያ መደብሩ መስኮት ላይ፣ መብራት አድርጌ፣ የሰራዊት መታሰቢያ ብዬ አስቀምጣቸዋለሁ። ሰው ያያል። የሚፈልግም ይገዛል። በዚያው አምሳያ ሌላ ብናሠራ እንኳ ስሙ ይጠራል።»

የዚህ ሰው ዓይን ማውጣት! ሰውዬው ሳይቀበር ደመወዝተኛውን ወሰደ፤ ተቀብሮ ሲያበቃ ደግሞ ስሙን ሊወስድ መጣ፤ በመብራት!

«አንተ መስኮት ላይ ከሚሰቀሉ» አለች፣ ድምፅዋ ድንኳን ድረስ ተሰማ፣ «ለቀስተኛው ቡና ይጠጣባቸው! ሲኒ አይደሉ? ሲኒ ለመጠጫ ነው፣ ለሌላ ለምንም አይደለም! ይጠጡባቸውና ይገላገሉኝ!»

አቶ አበጀ አማተቡ። ጤናዬ ባዶ ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሀብቱ ሲወጣ ሞቱማ ከበሩ ማዶ ሆኖ ብዙወርቅን አያትና አንገቱን ነቀነቀ። ቢነቀንቅ ምን ገዷት! ሰራዊት ለሲኒ ብሎ ስንት ዓመት ኖረ፤ እሷ ለሲኒ ብላ ያቺን ከሃዲ አትለምንም።

የሠልስቱ ለት ከጠዋት ጀምሮ ሰው ጎረፈ። ተማሪዎቹ በአውቶቡስ መጡ፤ አስተማሪዎቹ ሚስቶቻቸውን አስከትለው መጡ። በዚያው ሳምንት በሌላ ቀበሌ ሌላ የእድሩ አባል ሞቶ ስለነበር ዕቃው ለሁለት ተከፍሎ፣ ከሲኒው ግማሹ እዚያ ሄዷል። ቡናው ከፔርሙዝ እየተቀዳ ሲኒ በእጅ በእጅ ይለዋወጣል፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጠብቃል። ሸዋሉል እንኳ መጮህ ሰልችቷት ቻርጀሯን አግኝታ ከግድግዳው ተደግፋለች።

እኩለ ቀን ላይ የሲኒው እጥረት ድንገት ተቃለለ። ብዙወርቅ አላስተዋለችም። ሀብቱ ከድንኳኑ መሀል ተነሥቶ አቶ አበጀን ከጎኑ አቁሞ ንግግር ሊጀምር ሲል ነው ዓይኗን ወደ እሱ የመለሰችው። ይህ የእርቁ ንግግር መሆኑ ነው። ሀብቱ ቡናውን ጨለጠ፤ ሲኒውን ለአንድ ተማሪ ሰጠ፤ አፉን ከፈተ።

የታችኛው ከንፈሩ ሰማያዊ ነበር።

ብዙወርቅ ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍታ ደስ አላት። «ወንድሜ ሰራዊት…» ይላል ሀብቱ በሰማያዊ ከንፈር፣ «ሕይወቱን ሙሉ ለሙያው…» ይላል፤ አንድ ተማሪ ሣቁን ሊያፍን ፊቱን በደብተሩ ሸፈነ። ይገባሃል፣ አለች በልቧ፤ የሌባ ከንፈር ይታወቅ! ቀለም የት አግኝቶ ነው ደግሞ ከንፈሩን—

ከዚያ ተነሣች። ከጎኗ ያሉት ሴቶች ያለቀሰች መስሏቸው «እሰይ፣ ይውጣልሽ!» አሉ። እየገፋቻቸው ወደ ጓዳ ሮጠች።

ጤናዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ በእግሮቿ መሀል የፕላስቲክ ሣፋ አለ። የሣፋው ውኃ ሰማያዊ ነበር፤ ደፈርስ ያለ፣ ከላዩ አረፋ የሰፈፈበት ሰማያዊ። አጠገቧ ባለው ትሪ ላይ ንጹሕ ነጭ ሲኒዎች ተደፍተዋል።

«መጣሽ ብዙዬ? እንኳን ነገርሽኝ!» አለች ጤናዬ፤ ፊቷ በላብ ወዝቷል። «ሲኒ ጠፍቶ ስንጨነቅ፣ ለካ አንቺ ትናንትና ብለሽ ነበር። ወዲያው አወጣኋቸው፤ የመጀመሪያዎቹንማ ሳላጥብ ነው የሰጠሁት። ውይ ግን፣ ሥዕሉ ገና ውኃ ሲነካው ለቀቀ! እንዲያው ነፍሱን ይማረውና፣ የሀብቱም ሱቅ እንዲህ ያለ የማይረባ ቀለም አይሸጥም።»

የማይረባ። ብዙወርቅ ስንት ዓመት ከዚህ የባሰ ስትለው ኖራለች። ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ግን አንጀቷን ቆረጣት። ጤናዬን ልትመታት እጇን አንሥታ ነበር፤ መልሳ አወረደችው። የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው። ያዘዘቻት ማን ናት?

«አንቺው አይደለሽ ይጠጡባቸው ያልሽው?» አለች ጤናዬ ደንግጣ።

«እኔ ነኝ» አለች ብዙወርቅ።

ሣፋው አጠገብ መሬት ላይ ዘጭ አለች። ሬሳውን ስታይ፣ አፈሩ ሲመለስበት፣ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ ያልመጣ እንባ መጣና አነቃት። ለብዙወርቅ ሰራዊት የሞተው ያን ጊዜ ነው። እራት ላይ ስትሰድበው የሚስቅ ሰው ከእንግዲህ የለም። እሷ ብቻ ናት ይህን ቤት ይዛ የቀረችው፤ ከነምላሷ። ናፈቃት። ያ የሞኝ ሣቁ፣ ያ «ቪየና!» ሲል የሚያበራው ዓይኑ ናፈቃት፤ የምትጮኽበትም አጣች።

«የቀረ አለ?» አለች በመጨረሻ።

«ሁለት ናቸው፣ እዚያ፤ አሁን ላመጣቸው…»

«እንዳትነኪያቸው!»

ሁለቱ ሲኒዎች መደርደሪያው ጥግ ላይ ነበሩ። አንደኛው ላይ ማንጎ ተራ ከነባጃጆቹ ተሥሏል። ሁለተኛው ላይ ሴት አለች። ጀሪካን ይዛ ትሄዳለች፤ ነጠላዋ ከግራ ትከሻዋ ወርዷል፤ የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው። ብዙወርቅ ጎንበስ ብላ አየች። ነጠላዋ ሁልጊዜ ከግራ ትከሻዋ ነው የሚወርደው፤ እናቷ በልጅነቷ ስለዚህ ትቆጣት ነበር። በጓዳው በር ስታልፍ ፊቷን የምታዞር ሴትን ተቀምጦ የሚያይ ሰው ሌላ ምኗን ይሥላል?

«እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ ጀርባዬ?» አለች። «አይ አንተ ሰው!»

ደረቅ ጣቶቿን በነጠላዋ ደግማ አደረቀች። ሥዕሉን እንዳትነካ ሁለት ሁለት ጣት ወደ ሲኒዎቹ ውስጥ አስገባችና ከውስጥ በኩል ወጥራ አነሣቻቸው፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ክንዶቿን ከሰውነቷ አርቃ፣ እንባዋን የምትጠርግበት እጅ ሳይኖራት፣ ሳሎኑን አልፋ ወደ ድንኳኑ ወጣች።

ሀብቱ በሰማያዊ ከንፈሩ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ አቶ አበጀም «ተባረኪ ልጄ!» ብለው መንገድ ለቀቁላት። ብዙወርቅ የተዘረጋውን እጅ አየችው፤ የያዘቻቸውን ሲኒዎች አየቻቸው።

«ከንፈርህን ጥረግ» አለችውና አለፈች።

ከድንኳኑ ውጪ ፀሐዩ ይፋጃል። ከማንጎው ሥር የተቀመጡት የበርታ ሴቶች ቀድመው አዩአትና ነዕማን ጎሸሟት። ነዕማ ተነሣች። ሦስት ቀን ሙሉ በማልቀስ ዓይኗ አብጧል። ፊቷ ላይ ያለውን ብዙወርቅ ታውቀዋለች፤ ስትገባ እንዳትሰደብ የምትፈራ ሰው ፊት ነው።

«እትዬ…» አለች፤ «አላህ ይርሐመው። እኔ… መምህር ሰራዊት ለእኔ አባት ነው። ሀብቱ ጋ ሄደ እኔ፣ ግን ልቤ አልሄደም።» እንባዋ ወረደ፤ ወደ ሲኒዎቹ ጎንበስ አለች።

«ራቅ በይ! አታልቅሺባቸው፤ ውኃ አይወዱም» አለች ብዙወርቅ። የራሷ እንባ ከአገጯ እየተንጠባጠበ ነበር፤ አንገቷን ወደ ጎን አዞረች።

«እሳት አልገባም እንዴ?»

«አልገባም። ዛሬ ይሆናል?»

«ይሆናል። ከሰል አለ?»

«ሞልቷል። በርጩማሽም አለ።»

ነዕማ ከብዙወርቅ ትከሻ ባሻገር ወደ ቤቱ አየች። «ሌላው የት ነው? ብዙ ነበር እኮ። መምህር በስልክ ነግሮኛል፣ ብዙ ነው ብሎ።»

«ጠጣናቸው» አለች ብዙወርቅ።

ነዕማ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ በብዙወርቅ ቀኝ እጅ ወዳለው ሲኒ፣ ጀርባዋን የሰጠችው ሴት ወዳለችበት፣ ሁለት ጣቷን ከብዙወርቅ ጣቶች አጠገብ ቀስ አድርጋ አስገባች። ሲኒዋ ጠባብ ናት፤ አራት ጣት የያዘችው እንደምንም ነው። ብዙወርቅ የራሷን ቶሎ አላወጣችም።